የሰሜን ኦሞ ዕድሜ ለምን አጠረ?

በወላይታ በዳሞት ፑላሳ ወረዳ ቀበሌዎች ውስጥ ተወልዶ፣ አድጎና ሸምግሎ እስከ ዛሬ አባቱ በተከለው የእንሰት ጓሮ የሚኖር አርሶ አደር አድራሻው ስንት ጊዜ እንደተለወጠ እንቁጠር። በወጣትነቱ የሲዳሞ ክፍለ ሀገር፣ የወላይታ አውራጃ ሰው ነበር። በ1980 ዓ.ም. የኢሕዲሪ መንግሥት ክፍላተ ሀገርን ሲበትን የሰሜን ኦሞ አስተዳደር አካባቢ ነዋሪ ሆነ። ኢሕአዴግ ሥልጣን ከያዘ በኋላ የደቡብ ክልል የሰሜን ኦሞ ዞን ሰው ተባለ። በ1993 ዓ.ም. ወላይታ ራሱን የቻለ ዞን ሆነ። ከዚያ ወረዳው ከዳሞት ጋሌ ተለይቶ ዳሞት ፑላሳ ሆነና ሻንቶ ዋና ከተማው ሆነች፤ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ተመሠረተ። ሰውየው ቤቱን አላነሣም፤ የተነሣው ወሰኑ ነው። ከእነዚህ አድራሻዎች ውስጥ ዛሬ ስሙ በጣም የተረሳው ሰሜን ኦሞ ነው። የዛሬው ንግግሬ ስለዚህ የቀድሞ አስተዳደር ታሪክና ጠባይ ነው፤ የምጠይቀውም ጥያቄ አንድ ነው። ከ2.5 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ የያዘ፣ በሁለት ፍጹም የተለያዩ መንግሥታት የታቀፈ አስተዳደር ከ13 ዓመት በላይ መቆየት ያልቻለው ለምንድን ነው?

መጀመሪያ ምን እንደነበር እናስታውስ። ሰሜን ኦሞ ስሙን ከኦሞ ወንዝ ወሰደ፤ መቀመጫው አርባ ምንጭ ነበር። በውስጡ ወላይታ፣ ጋሞ፣ ጎፋ፣ ዳውሮ፣ ኮንታ፣ ባስኬቶ፣ ኦይዳ፣ ዘይሴና ሌሎችም ሕዝቦች ነበሩበት። መልክዓ ምድሩ ከአባያና ከጫሞ ሐይቆች ዳር ተነሥቶ ወደ ጋሞ ደጋ ይወጣል፣ ወደ ኦሞ በረሃ ይወርዳል፣ ከወንዙ ማዶ ደግሞ እንደገና ወደ ዳውሮ ደጋ ይወጣል። ይህ ሁሉ አገር ከ1980 በፊት በነበሩት አሥርት ዓመታት በአንድ አስተዳደር ሥር አልነበረም። ወላይታ አውራጃ የሲዳሞ ነበር። ጋሞና ጎፋ የጋሞ ጎፋ ክፍለ ሀገር ነበሩ፤ ዋና ከተማቸው መጀመሪያ ጨንቻ፣ ኋላ አርባ ምንጭ ሆነ። ዳውሮና ኮንታ በኩሎ ኮንታ አውራጃ ስም ጅማ ላይ ለተቀመጠው የከፋ ክፍለ ሀገር ይገብሩ ነበር። ሦስት ክፍላተ ሀገር፣ ሦስት ዋና ከተሞች፣ ሦስት ዓይነት የቢሮ ልማድ ማለት ነው። ሰሜን ኦሞ የነዚህ የሦስቱ ቁራጮች ግጣም ሆኖ ተወለደ።

የማቀርበው ክርክር ይህ ነው። አንድ የአስተዳደር ክፍል የሚጸናው በካርታ ላይ ባለው ቅርጽ፣ በሕዝቡ የቋንቋ መቀራረብ ወይም በአዋጁ ኃይል ብቻ አይደለም። የሚጸናው ሕዝቡ ለኑሮው ብሎ የሚሄድበት መንገድ ወደ አስተዳደሩ መቀመጫ ሲያደርሰው ነው። ገበያው፣ ሐኪም ቤቱ፣ ፍርድ ቤቱ፣ ትምህርት ቤቱና ቢሮው በአንድ አቅጣጫ ሲውሉ ሰው ሳያስበው የአንድ አስተዳደር ሰው ይሆናል። ገበያው ወደ ሰሜን፣ ቢሮው ወደ ደቡብ ሲሆን ግን አስተዳደሩ ማኅተም ብቻ ሆኖ ይቀራል። ሰሜን ኦሞ የወደቀው በዚህ ነው፤ ሌሎቹ ምክንያቶች ሁሉ፣ እውነት ቢሆኑም፣ ከዚህ በኋላ የሚመጡ ናቸው።

ማስረጃውን ከወላይታ እንጀምር። ወላይታ እስከ 1887 ዓ.ም. ድረስ ካዎ በሚባሉ ነገሥታቱ የሚገዛ ራሱን የቻለ መንግሥት ነበር። በዚያ ዓመት ዳግማዊ ምኒልክ ራሳቸው የመሩት ዘመቻ ካዎ ጦናን ማርኮ አገሩን ወደ ማዕከላዊው መንግሥት አስገባ። ከዚያ በኋላ በዳሞት ተራራ ግርጌ ሶዶ አደገች። በ1920 ዓ.ም. የሱዳን ኢንቴሪየር ሚሽን ሰዎች ገቡ፤ ትምህርት ቤትና ሐኪም ቤትም ከፈቱ። የአውራጃው ፍርድ ቤት፣ ግብር ቤትና ፖሊስ ሶዶ ነበሩ። ከሶዶ የሚወጣው ዋናው መንገድ በቦዲቲ፣ በሾኔና በአላባ ቁሊቶ አልፎ ሻሸመኔ ይገባል። የወላይታ ቅቤ፣ ከብት፣ ዝንጅብልና ቦቆሎ በዚህ መንገድ ይወጣ ነበር፤ ሥራ ፍለጋ ወደ ወንጂ ሸንኮራ እርሻና ወደ አዲስ አበባ የሚሄደው ወጣትም መንገዱ ይኸው ነው። የሲዳሞ ዋና ከተማ ይርጋለም በነበረ ጊዜም ሆነ ወደ ሐዋሳ ከተዛወረ በኋላ ባለጉዳዩ የሚሄደው በዚሁ በሻሸመኔ በኩል ነው። ሲዳሞ ሰፊ ነበር፤ በቋንቋም በልማድም ከወላይታ የሚለዩ ሕዝቦች ነበሩበት። ሆኖም ወደ ክፍለ ሀገሩ ቢሮ የሚወስደው መንገድ ከገበያው መንገድ ጋር ይገጥም ነበር።

አውራጃው ራሱ ደግሞ ከክፍለ ሀገሩ የበለጠ ሥር ነበረው። ለዚህ ጥሩው ምስክር በ1962 ዓ.ም. አካባቢ የተጀመረው የወላይታ እርሻ ልማት ድርጅት፣ ብዙዎቻችሁ በአጭር ስሙ ዋዱ ብላችሁ የምታውቁት ነው። በዓለም ባንክ ብድር የተረዳው ይህ ድርጅት የሥራ ክልሉን አውራጃውን አደረገ። ማዳበሪያና ምርጥ ዘር በብድር ሰጠ፤ መጋቢ መንገድ ሠራ፤ መሬት ከጠበባቸው ደገኞች መካከል የተወሰኑትን በአበላና በበሌ ቆላ አሰፈረ። ደጋውና ቆላው በአንድ ዕቅድ ውስጥ ሲገቡ፣ የዳሞት ጋሌ አርሶ አደርና የአበላ ሰፋሪ አንድ ድርጅት፣ አንድ የብድር መዝገብና አንድ ከተማ ተጋሩ። ለዚህ ነው ወላይታ በ1993 ዞን ሲሆን አዲስ ቅርጽ መፈለግ ያላስፈለገው። አሮጌው አውራጃ በሰሜን ኦሞ ዘመን ሁሉ ከቢሮ ውጭ በኑሮ ውስጥ ቀጥሎ ነበር።

አሁን ሰሜን ኦሞን በዚህ መለኪያ እንየው። ከሶዶ አርባ ምንጭ 120 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ርቀቱ በራሱ አያስፈራም። ችግሩ አቅጣጫው ነው። አርባ ምንጭ የመንገዱ ጫፍ ላይ ናት። የጋሞ ሰው ወደ አዲስ አበባ ሲወጣ፣ የዶርዜ ሸማኔ ወደ ሽሮ ሜዳ ሲሄድ፣ በሶዶ ያልፋል። የወላይታ ሰው ግን ከቢሮ ጉዳይ በቀር ወደ አርባ ምንጭ የሚያስኬደው ትልቅ የኑሮ ምክንያት አልነበረውም። ስለዚህ ከሻንቶ አካባቢ ተነሥቶ ይግባኝ የሚል ወይም የሠራተኛ ዝውውር የሚጠይቅ ሰው ገበያውን ከኋላው ጥሎ ወደ ተቃራኒው ይሄድ ነበር። የዳውሮ ሰው ደግሞ ከዚህ የባሰ ነበር። የኦሞ ሸለቆ ጥልቅ ነው፤ የዳውሮ የድሮ ነገሥታትም አገራቸውን ሃላላ በሚባለው ካብ ያጠሩት ወንዙና ገደሉ የጀመሩላቸውን ሥራ ለመጨረስ ነበር። ለዘመናት ወደ ጅማ ሲመለከት የኖረ ሕዝብ በአንድ አዋጅ ወንዙን ተሻግሮ፣ በሶዶ አልፎ፣ አርባ ምንጭ ድረስ ጉዳይ አስፈጽም ተባለ። ጎፋም ብትሆን ከጋሞ ደጋ ጀርባ ስላለች ከከተማዋ ከሳውላ አርባ ምንጭ መድረስ ዙሪያ ጥምጥም ነበር። አንዱ ዞን ለአራት ሕዝቦች አራት ዓይነት መንገድ ነበረው፤ ከነዚህ ውስጥ ከኑሮ መንገድ ጋር የሚገጥመው የጋሞው ብቻ ነው።

ይህ ሕግ የእኛ አገር ብቻ እንዳልሆነ ለማሳየት ወደ ሩቅ አገር፣ ወደ ኖርዌይ ልውሰዳችሁ። የኖርዌይ ምዕራባዊ ዳርቻ ባሕሩ በተራሮች መካከል እንደ ረጅም ጠባብ ሸለቆ ወደ የብስ ውስጥ የሚገባበት አገር ነው፤ ይህን የባሕር ክንድ ፊዮርድ ይሉታል። በ1837 እ.ኤ.አ. የወጣ ሕግ ለየአካባቢው ነዋሪ ራሱን በራሱ የሚያስተዳድርበትን ምክር ቤት ሰጠው። በሃርዳንገር ፊዮርድ ዳር የነበረው ስትራንደባርም የተባለ የአካባቢ አስተዳደር በዚያ ሕግ መሠረት በ1838 ተቋቋመ፤ የፊዮርዱንም ሁለት ዳርቻ ይዞ ነበር። ካርታ ብቻ ለሚያይ ሰው ይህ ሞኝነት ይመስላል፤ ውሃ መሐል ለመሐል የሰነጠቀው አስተዳደር! በዚያ ዘመን ግን ውሃው መንገድ ነበር። ሰው ወደ ቤተ ክርስቲያን፣ ወደ ንግድና ወደ ስብሰባ የሚሄደው በጀልባ ነው፤ የሚከለክለው ተራራው እንጂ ባሕሩ አልነበረም። በ20ኛው መቶ ዘመን የመኪና መንገድ ሲመጣ ነገሩ ተገለበጠና ውሃው ድንበር ሆነ። በ1965 ስትራንደባርም ሲፈርስ ምዕራባዊው ዳርቻ ወደ ክቫም፣ ከፊዮርዱ ማዶ ያለው ክፍል ወደ ዮንዳል ተጨመረ። ሕዝቡ፣ ቋንቋውና ተራራው የድሮው ናቸው፤ የተለወጠው የመንገዱ ዓይነት ነው፤ አስተዳደሩም ተከትሎ ተለወጠ። ኖርዌይ ያስተማረችን፣ ወንዝም ሆነ ባሕር በራሱ አንድ የሚያደርግ ወይም የሚለይ ነገር እንዳልሆነ ነው። የሚለየውም የሚያገናኘውም በላዩ ላይ ያለው ጉዞ ነው። ኦሞ ላይ ብዙ ጀልባ ቢኖር ወይም ድልድዩና ጥርጊያው ከአዋጁ ቢቀድም ኖሮ የሰሜን ኦሞ ታሪክ ሌላ ሊሆን ይችል ነበር።

እዚህ ላይ ከእናንተ መካከል ብዙዎች የሚያነሡት ተቃውሞ ይታወቀኛል። "ሰሜን ኦሞን ያፈረሰው መንገድ አይደለም፤ የማንነት ጥያቄ ነው፤ በ1992 የሆነውን ረሳኸው ወይ?" ትሉኛላችሁ። አልረሳሁትም፤ እንዲያውም በሰፊው ሊነሣ ይገባዋል። በወላይታ ልጆች በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው መማር ከጀመሩ ጥቂት ዓመታት ሆኗቸው ነበር፤ ከዚያም በፊት በደርግ ዘመን በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ወላይትኛ ከተመረጡት 15 ቋንቋዎች አንዱ ነበር። የዞኑ አስተዳደር ግን ከወላይታ፣ ከጋሞ፣ ከጎፋና ከዳውሮ ቋንቋዎች አንድ የጋራ የጽሑፍ ቋንቋ ቀምሮ፣ በአራቱ የመጀመሪያ ፊደላት ወጋጎዳ ብሎ ሰይሞ፣ የመማሪያ መጻሕፍቱን ወደ ክፍል አስገባ። በ1992 መጀመሪያ ወራት በሶዶና በዙሪያዋ ተቃውሞ ተነሣ፤ ብዙዎች ታሰሩ፣ ሕይወትም ጠፋ። መጻሕፍቱ ተሰበሰቡ። በዓመቱ ሰሜን ኦሞ ፈረሰና በምትኩ የወላይታ፣ የጋሞ ጎፋና የዳውሮ ዞኖች፣ የባስኬቶና የኮንታ ልዩ ወረዳዎች ተቋቋሙ።

ታዲያ ይህ ክርክሬን ያፈርሰዋል? በእኔ አስተያየት ያጸናዋል። የወጋጎዳ አዘጋጆች ከነሱ አንጻር ምክንያት ነበራቸው። የቋንቋ ሊቃውንት አራቱን ልሳናት በኦሜቶ ቤተሰብ ውስጥ በጣም የሚቀራረቡ አድርገው ያስቀምጧቸዋል፤ ተናጋሪዎቹም በብዙው ይግባባሉ፤ ለአራት ቋንቋ አራት ጊዜ መጽሐፍ ማሳተምም ወጪ አለው። መቀራረብ ብቻውን አንድ ሊያደርግ ቢችል ኖሮ እነዚህ ሕዝቦች ከማንም በፊት አንድ መሆን ነበረባቸው። ያልሆኑት ዞኑ በገበያ፣ በመንገድና በአገልግሎት ያልገነባውን አንድነት በመማሪያ መጽሐፍ ሊፈጥር ስለሞከረ ነው። ለ12 ዓመታት አብሮ የመኖርን ጥቅም ያላሳየ አስተዳደር የልጆችን ቋንቋ ሲነካ ሕዝቡ የሚያየው ጥቅም አልነበረም፤ የታየው የሚወሰድበት ነገር ብቻ ነው። የማንነት ጥያቄው እውነተኛ ነው፤ ክብርም ይገባዋል። ነገር ግን ማንነት ለመጠየቅ ምክንያት ሲሆን፣ ጥያቄው ምን ያህል እንደሚከር የሚወስነው አስተዳደሩ በዕለት ኑሮ ውስጥ ያለው ቦታ ነው። ከዚያ በኋላ በ2011 ዓ.ም. ጋሞና ጎፋም ተለያይተው ሁለት ዞን ሆኑ። ለብዙ አሥርት ዓመታት በአንድ ስም የኖሩት እነዚህ ሁለቱ ሲለያዩ እንኳ የጎፋ ሰው ካነሣቸው ምክንያቶች አንዱ የአርባ ምንጭ መራቅ መሆኑ አይገርምም።

ሁለተኛው ተቃውሞ የቁጠባ ነው። ትልቅ አስተዳደር ባለሙያ ይሰበስባል፣ ወጪ ይቀንሳል፣ ትልቅ ሥራ ይሠራል ይባላል፤ ለዚህም ኖርዌይ ራሷ ትጠቀሳለች። እውነት ነው፤ ኖርዌይ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ከ740 በላይ የነበሩትን የአካባቢ አስተዳደሮች ወደ 450 ገደማ አወረደች፤ በ2020ው ማሻሻያ ደግሞ 356 አደረሰቻቸው። ነገር ግን ቅደም ተከተሉን እንይ። ቅድም ያነሣሁት ዮንዳል በ2020 ከኦዳና ከኡለንስቫንግ ጋር ተዋሐደ። ከዚያ 8 ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ2012፣ ዮንዳልን ወደ ኦዳ በኩል የሚያገናኝ 10 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ዋሻ በተራራው ውስጥ ተከፍቶ ነበር። መጀመሪያ ተራራው ተቦረቦረ፤ ውሕደቱ ከዚያ መጣ። በዚያ ሁሉ ሀብትና መንገድ እንኳ ውሕደቱ ሁሉ አልጸናም፤ በ2020 ከኦለሱንድ ጋር የተቀላቀለው ሃራም በ2024 መልሶ ራሱን ችሏል። በእኛ አገር ግን የሆነው ግልባጩ ነው፤ መጀመሪያ ውሕደቱ በአዋጅ ወጣ፣ መንገዱ ለመጪው በጀት ተተወ። ትልቅነት የሚቆጥበው የሰው ጉዞ ሲያጥር ነው። የቢሮው ወጪ ቀንሶ የባለጉዳዩ የመኪናና የአልጋ ወጪ ከጨመረ፣ መንግሥት ከኪሱ ያወጣ የነበረውን ወደ ድሃው ኪስ አዛወረ እንጂ አልቆጠበም።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከተቃራኒው ወገን የሚመጣ ነው። "እንግዲያውስ ሁሉም ይከፈል፤ ትንሽ ሲሆን ቅርብ ይሆናል" የሚል። ይህ ለዛሬዋ ሻንቶ ቅርብ ጉዳይ ነው። ከ1994 ዓ.ም. ጀምሮ ወረዳዎች በጀታቸውን በጥቅል ድጎማ መቀበል ሲጀምሩ ወረዳ መሆን ከስም በላይ የገንዘብ ጉዳይ ሆነ። ከዳሞት ጋሌ ዳሞት ፑላሳ፣ ከዳሞት ወይዴ ድጉና ፋንጎ፣ ከቦሎሶ ሶሬ ዳሞት ሶሬና ቦሎሶ ቦምቤ፣ ከኪንዶ ኮይሻ ኪንዶ ዲዳዬ ወጡ። በ1999 የሕዝብ ቆጠራ ዳሞት ፑላሳ ራሱን ችሎ ተቆጥሯል። ጥቅሙ ግልጽ ነው። ቀድሞ ቦዲቲ ድረስ ይሄድ የነበረ ጉዳይ አሁን ሻንቶ ያልቃል። ነገር ግን አዲስ ወረዳ ማለት አዲስ የጽሕፈት ቤት ብዛት፣ አዲስ መኪናና አዲስ የደመወዝ መዝገብ ማለት ነው። ድጎማው ተከፍሎ ደመወዝ ከበላው፣ ቅርብ የሆነው ጽሕፈት ቤት መድኃኒት የሌለው ጤና ጣቢያና ጥገና ያላገኘ የውሃ ቧንቧ ይዞ ይቀመጣል። ደግሞም ወሰኑ ሲለይ ገበያው፣ ጋብቻው፣ እድሩና ውሃው አልተለዩም። ዳሞት ጋሌና ዳሞት ፑላሳ ከዳሞት ተራራ የሚወርደውን አፈር በየግላቸው ሊያስቆሙት አይችሉም፤ እርከን የሚሠራው ተፋሰስን ተከትሎ ነው። ስለዚህ መለኪያዬ ትንሽ ይሁን አይልም፤ ትልቅም ይሁን አይልም። ሕዝቡ በዕለት ኑሮው ከሚጓዝበት ጋር ይግጠም ነው የሚለው።

ከዚህ ሁለት ነገር ይከተላል። የመጀመሪያው ስለ መዝገብ ነው። አስተዳደር ሲፈርስ ወንበሩና መኪናው በርክክብ ይከፋፈላል፤ ወረቀቱ ግን ባለቤት ያጣል። የአውራጃው የመሬት ክርክሮች፣ የዋዱ የብድርና የሰፈራ መዝገቦች፣ የሰሜን ኦሞ የትምህርትና የእርሻ ዕቅዶች በየመጋዘኑ እንደተበተኑ ከቀሩ፣ ለምን እንደተሳካልንና ለምን እንዳልተሳካልን የምናውቅበት መንገድ ይዘጋል። በሶዶና በአርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲዎች አሉን፤ ይህን መሰብሰብና ለሕዝብ ክፍት ማድረግ ለማንኛውም ታሪክ ክፍል ተገቢ ሥራ ነው። የሰሜን ኦሞን መዝገብ መጠበቅ ሰሜን ኦሞን መመኘት አይደለም፤ የከፈልንበትን ትምህርት መውሰድ ነው።

ሁለተኛው ከበድ ይላል፤ ለእኛ ለወላይታዎች ስለሆነ። ዛሬ ሶዶ የአዲሱ ክልል የአስተዳደር መቀመጫ ናት፤ አንዳንድ የክልሉ ተቋማትም በሌሎች ከተሞች ተደልድለዋል። ድልድሉ የሰሜን ኦሞን ስሕተት ላለመድገም የታሰበ ይመስላል፤ ሐሳቡም ጥሩ ነው። ይሁን እንጂ መሥሪያ ቤት መከፋፈል ብቻውን ጉዞን አያሳጥርም፤ አንድ ጉዳይ ሦስት ከተማ የሚያዞር ከሆነ ያስረዝመዋል። ከጂንካ ወይም ከካራት ተነሥቶ ፋይሉን ይዞ ሶዶ የሚመጣ ሰው በ1980ዎቹ ዓመታት የእኛ ሰው አርባ ምንጭ ሲሄድ በነበረበት ቦታ ላይ ቆሟል። ያኔ ወላይታ "ይህ መንገድ የእኔ አይደለም" ማለቱ ትክክል ከነበረ፣ ዛሬ ሌላው ስለ ሶዶ ተመሳሳዩን ቢጠይቅ ሊተወው የሚገባ ቅሬታ ሊመስለን አይገባም። መልሱ ያለው በእኛ እጅ ነው፤ መንገዱን ከቢሮው አስቀድሞ መጠየቅ፣ ጉዳይ በየዞኑ እንዲያልቅ ሥልጣንን ወደ ታች ማውረድ፣ ሶዶም ለመጣው ሁሉ ገበያና ሐኪም ቤት የምትሆን ከተማ እንድትሆን መሥራት ነው። ይህን ካላደረግን ሌላ ተናጋሪ ከጥቂት ዓመታት በኋላ በሌላ ከተማ ቆሞ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ዕድሜ ለምን አጠረ ብሎ ይጠይቃል፤ መልሱም ከዛሬው ብዙ አይለይም።